ሞተር ለምን ይፈላል? ከማንሃይም መንገድ እስከ ዓባይ በረሃ

አጎቴ ቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚደርስ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ጠባሳው ሲወጣ አጠገቡ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ እየመጣን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ግማሽ ያህል እንደወጣን የፒካፑ የሙቀት መርፌ ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። አጎቴ ዳር ይዞ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ በአንድ እጁ ጀሪካን ይዞ በሌላው በጨርቅ የራዲያተሩን ክዳን ጨበጠ። ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ረዳት «ጋሼ፣ እንዳይነኩት!» ብሎ ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ። አጎቴም ሰምቷል። ግን እጁ ቀድሞ ዞሮ ነበር።

ለረጅም ጊዜ የገረመኝ ነገር ይኼ ነው፦ የሻይ ብርጭቆ አፍ የማታክል ክዳን ሥር እንዲህ ያለ ጉልበት ምን ይሠራል? ማንስ ነው ሆን ብሎ እዚያ ያስቀመጠው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ መሄድ ይኖርብናል። ጉዞው አይከፋም፤ ዛሬ መካኒክ «ሙቀት ጨመረች» የተባለች መኪና ሲመጣለት የሚፈትሻቸው ዕቃዎች በሙሉ በዚህ መንገድ ላይ አንድ በአንድ ይገኛሉ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ሲቀጣጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብዙ የሞተር ክፍሎች የሚሠሩበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። በግምት ከሦስት ሊትር ቤንዚን ውስጥ መኪናዋን የሚገፋው የአንዱ ሊትር ጉልበት ብቻ ነው። የሁለተኛው በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የሦስተኛው ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል፤ እሱን የሚያስወጣለት ካላገኘ ፒስተኑ ተለጥጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ ሞተር ማቀዝቀዝ ማለት ይህን የሦስተኛውን ሊትር ሙቀት ከብረት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አየር ማሸጋገር ነው። ሁለት እርምጃ ብቻ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 ለባለ ሦስት ጎማ መኪናው የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ሁለተኛው እርምጃ ገና አልተፈታለትም። ዘዴው ቀላል ነበር፦ በሲሊንደሩ ዙሪያ ውሃ ይቀመጣል፣ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሽቅብ ሄዶ ይተናል። በቃ። ሞተሩ ሁልጊዜ ይፈላ ነበር ማለት ነው፤ መፍላቱ ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነበር! ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። አንድ ሊትር ውሃ በአሥር ዲግሪ ለማሞቅ 42 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ አንድ ሊትር ከፈላ በኋላ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን 2,257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፣ ከሃምሳ እጥፍ በላይ። የሚተን ውሃ ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይዞ ሄዶ አይመለስም።

ይህን በደንብ የተማረችው ባለቤቱ በርታ ቤንዝ ነች። በኦገስት 1888 ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። በዘመኑ መኪና እንዲህ ርቆ ሄዶ አያውቅም። ነዳጅ ያገኘችው ቪስሎክ በምትባል ከተማ ከአንድ ፋርማሲ ነው፤ የተዘጋውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው። ስለ በርታ ሲወራ እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ ይነሳሉ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ውሃው ነው፤ መንገዱን ሙሉ ውሃ በተገኘበት ሁሉ እየቆሙ መጨመር ነበረባቸው። ጀሪካን ጭኖ ዓባይ በረሃን የሚወጣ የኛ አገር ሹፌር ቢያያት ኖሮ ወዲያው በተግባቡ ነበር።

ሁለተኛውን እርምጃ በአግባቡ የፈታው ቪልሄልም ማይባክ ነው። ማይባክ በዳይምለር ፋብሪካ ዋና ንድፍ ሠሪ ነበር። በ1901 ለእሽቅድምድም የወጣችው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ ፊት ላይ የማር እንጀራ የሚመስል ነገር ተገጥሞ ነበር፦ 8,070 ስስ የብረት ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው 6 በ6 ሚሊ ሜትር፣ ተደርድረው የተበየዱ። ውሃው በቱቦዎቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል፣ አየሩ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል። ውሃው በስስ ስስ ተበትኖ ከብዙ ብረት ጋር ይነካካል፣ ብረቱ ደግሞ ከብዙ አየር ጋር። ከኋላ ያለው ፋን መኪናዋ ቀስ ስትልም አየሩን ይስባል። ከዚያ በፊት የነበረችው የዳይምለር መኪና 18 ሊትር ውሃ ትሸከም ነበር፤ ይቺ ግን 9 ሊትር በቃት። ውሃው አሁን አይተንም፤ ይሄዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። ዛሬ ራዲያተር የምንለው ሁሉ የዚህች ልጅ ነው።

ውሃውን ማን ያንቀሳቅሰው? ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን በ1908 ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ 2,500 ያህል መኪኖች የውሃ ፓምፕ ነበራቸው። ከዚያ ፓምፑን አውጥቶ ጣለው። የሞቀ ውሃ ይቀላል፣ ሽቅብ ይሄዳል፤ የቀዘቀዘው ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሩ ታች፣ ራዲያተሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ያለማንም ገፊ ይዞራል። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ሞዴል ቲዎች ተሠርተዋል። ግን አንድ ድክመት ነበረው። የውሃው ከፍታ ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ዑደቱ ቀጥ ይላል። ጥቂት ውሃ መጉደል ማለት ማቀዝቀዝ ሙሉ በሙሉ መቆም ነበር። ፓምፑ በኋላ ተመልሶ የመጣው አለምክንያት አይደለም።

በዚሁ ዘመን አሽከርካሪዎች በራዲያተሩ ክዳን ላይ ቴርሞሜትር መሰካት ጀመሩ፤ ቦይስ ሞቶሜትር ይሉታል። ከመሪው ጀርባ ተቀምጠህ በመስታወቱ አሻግረህ ቀዩን መስመር ታያለህ። የሚለካው ከውሃው በላይ ያለውን እንፋሎት ነበር። የዛሬው መርፌ ልክ እንደዚያው የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል፦ ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ ዳሳሹ በባዶ አየር ውስጥ ይቀርና፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌው «ሰላም ነው» ሊላችሁ ይችላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚንቀው ዕቃ፣ ቴርሞስታት። ይህች ትንሽ በር ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ አታሳልፍም። የቀዘቀዘ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ብረቱም ቶሎ ይበላል። የመጀመሪያዎቹ ቴርሞስታቶች ቶሎ የሚተን ፈሳሽ የሞላባቸው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጡ ነበሩ። በ1930ዎቹ ሰርጂየስ ቬርኔ የተባለ ፈጣሪ በሰም የሚሠራውን አመጣ፤ ሰሙ ሲቀልጥ ይለጠጣል፣ ዘንጓን ይገፋል፣ በሯ ትከፈታለች። አኮርዲዮኑን የውሃው ግፊት ያሳስተው ነበር፤ ሰም ግን ለግፊት ደንታ የለውም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አሁን ታያላችሁ። እኛ አገር «አገሩ ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ብለው ነቅለው የሚጥሉት መካኒኮች ሞልተዋል። እኔ አልስማማም። በአንዳንድ ሞተሮች ላይማ በሯ ስትነቀል ውሃው በአቋራጭ ይዞርና ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሙቀት ይቀንሳል የተባለው ነገር ሙቀት ይጨምራል።

እንግዲህ ወደ ክዳኑ ደረስን።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል አይደል? በባሕር ጠረፍ እውነት ነው፤ ጅቡቲ ላይ። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እየሳሳ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቶሎ ያመልጣል። ሽንብራ አዲስ አበባ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፤ ፈልቷል፣ ግን በቂ አልሞቀም። መፍትሔውን በ1679 ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን አግኝቶት ነበር፦ ድስቱን ገጥመህ ግፊቱን ውስጡ ያዝ፤ ውሃው ሳይፈላ የበለጠ ይሞቃል። ድስቱ እንዳይፈነዳም ግፊት ሲበዛ የምትከፈት የደህንነት ቫልቭ ጨመረበት። ቤታችሁ ያለው የግፊት ድስት እሱ ነው። የራዲያተር ክዳንም እሱ ነው፤ ስፕሪንግ፣ ጎማ፣ ቫልቭ።

ታዲያ ከፓፓን እስከ ራዲያተር ለምን ይህን ያህል ዘመን ፈጀ? የመጀመሪያዎቹ ራዲያተሮች ስስ ነበሩ፣ ግፊት አይችሉም፤ መኪኖቹም ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያች መኪና ውሃ እንደ ማንኛውም ድስት በ92 ዲግሪ የሚፈላ ነበር። ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው ከተራራ ይልቅ አውሮፕላን ነው። በ1934 እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ሚቸል የሠራው ሱፐርማሪን 224 የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ጎሾክ የተባለ የሮልስ ሮይስ ሞተር ነበረው። የጎሾክ አሠራር የቤንዝ ታናሽ ወንድም ሊባል ይችላል፦ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በክንፉ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ይመለሳል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ግን የአየሩ ግፊት ወርዶ፣ ሊመለስ የነበረው ትኩስ ውሃ ፓምፑ ውስጥ እንደገና እንፋሎት ይሆናል። አብራሪው ፊት የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ሚቸል ያንን መንገድ ተወው። በ1936 የበረረችው ስፒትፋየር መጀመሪያ ላይ የቀዘቀዘችው ብቻውን በ197 ዲግሪ በሚፈላ ኤቲሊን ግላይኮል ነበር፤ ኋላ ላይ 70 በመቶ ውሃና 30 በመቶ ግላይኮል ሆኖ በግፊት ታሸገ።

ግላይኮሉ ወደ መኪና የገባው ቀደም ብሎ፣ ለብርድ ነው። ፕሬስቶን በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ በ1927 መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ኩላንት የምንለው ቀለም ያለው ፈሳሽ ይኸው ነው፤ ዝገትም ይከላከላል። ጣፋጭ መርዝ ነውና ልጆችና ውሾች ከሚደርሱበት አርቁት። ግፊት የሚይዘው ክዳን ደግሞ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ መኪኖች እየገባ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተለመደ ሆነ።

አሁን ቁጥሮቹን ኢትዮጵያ ላይ እናድርጋቸው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ክዳናችሁ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ይይዛል ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ፣ ተራ ውሃ እንኳ ቢሞላ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው ከ114 ዲግሪ በላይ ነው። ብዙ ሞተር በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ ከሃያ ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ አላችሁ። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ተመልሰን 92 ላይ ነን። ሁለት ዲግሪ! ያው የተሰነጠቀ ክዳን ጅቡቲ ላይ አሥር ዲግሪ ያህል ይተውላችኋል። የዓባይ ዳገት ደግሞ የባሰ ነው። ድልድዩ አጠገብ፣ 1,000 ሜትርን ጥቂት በሚያልፍ ከፍታ፣ ያልታሸገ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 2,500 ሜትር ላይ ያለችው ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ከ92 ዝቅ ብሏል። ሞተሩ ከሁሉ በላይ በሚለፋበት መንገድ ላይ የመፍያው ነጥብ በየኩርባው እየወረደ ይመጣል። የሚያቀዝቅዘው አየርም እየሳሳ ነው።

ለዚህ ነው ክዳኑ ሲከፈት የሚሆነው የሚሆነው። ውስጡ 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ አለ፤ ግፊቱ ስላፈነው ዝም ብሏል። ክዳኑ ሲዞር ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ከ8 ሊትር ውሃ ሩብ ሊትር የማይሞላው ብቻ ወደ እንፋሎት ቢቀየር ከ400 ሊትር በላይ ይሆናል፤ ሁለት በርሜል ሙሉ እንፋሎት፣ በአንድ ጠባብ ቀዳዳ፣ የፈላውን ውሃ እየገፋ። አጎቴ ጨርቅ ይዞ ነበር። ጨርቁ ምንም አልፈየደለትም።

ስለዚህ መኪናችሁ ወይም የአባታችሁ መኪና ስትፈላ ምን ታደርጋላችሁ? ኤ.ሲ. አጥፉ፣ የማሞቂያውን አየር በሙሉ ኃይል ክፈቱት፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል፣ እናንተን ቢያልባችሁም። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ጠብቁ። አምስት ደቂቃ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ መንካት እስክትችሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረት ይሰነጥቃል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ያዙልኝ ያልኳችሁን ሁለት እርምጃ አስታውሱ፦ ከብረት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አየር። ውሃው አለ? ከሌለ ወዴት ሄደ? መሬት ላይ እርጥበት፣ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ከውጭ ካልፈሰሰ ወደ ውስጥ ፈስሶ ይሆናል፤ የዘይቱ መልክ ወተት ያለበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ጭሱ ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ፣ በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል ያለችው ስስ ማሸጊያ፣ ጋስኬቷ፣ ተቃጥላለች። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው። (ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ እያልን የምንጠራቸው ዕቃዎች ስማቸው ጣሊያንኛ ነው፤ እንዴት እንደመጣ አታጡትም።) ውሃው ካለ፣ ይዞራል ወይ? የፓምፑ ቀበቶ አልላላም? ቆማችሁ ሞተሩ ሲሠራ ፋኑ ይነሳል? ከተማ ውስጥ ቆማ የምትፈላ፣ መንገድ ላይ ግን ደህና የምትሆን መኪና ብዙውን ጊዜ ፋኗን ነው የሚያማት።

ቴርሞስታቱን ከጠረጠራችሁ ቤት ውስጥ፣ ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ድስት፣ ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ማሞቅ ትችላላችሁ። ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ከአሥር ዲግሪ በላይ ከጨመረ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 88 የተጻፈበት ጤነኛ ቴርሞስታት አዲስ አበባ ባለ ድስት ውስጥ በትንሹ ብቻ ፈቀቅ ይላል፣ ውሃው ከ92 ስለማያልፍ። «አልከፈት አለ» ብላችሁ አትጣሉት። ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የከፍታው ነው።

አጎቴ ያን ዕለት ያ ረዳትና ሹፌሩ ክንዱን በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አቀዘቀዙለት፤ ያን ሁሉ ውሃ ከራሳቸው ጀሪካን ነው የሰጡን። ፒካፑ በርዳ፣ ሹፌሩ ራሱ ውሃ ሞልቶላት፣ ቀስ እያልን ጎሐ ጽዮን ደረስን። መንገድ ዳር ያለ መካኒክ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ፣ ክዳኑን አየ፣ ደህና ነው። ቀበቶው ደህና፣ ፋኑ ደህና። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በፊት መከላከያው ሥር በእጅ ባትሪ አየና ሳቀ። በፊተኛው ሳምንት ከማሳ ማሳ የጤፍ ጭድ ስናመላልስበት ነበር፤ ጭዱ ገብቶ በኤ.ሲ.ው መረብና በራዲያተሩ መካከል እንደ ፍራሽ ተጠቅጥቋል። ከኋላ ወደ ፊት በጎማ ውሃ ለቀቀበት። ጭዱ ለሩብ ሰዓት ያህል እየወጣ መሬቱን አለበሰው፤ አጎቴ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን ይዞ ቆሞ ያያል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ መርፌው ከመሀል ንቅንቅ አላለም።